የተጣለች ቡችላም በረት ትጠብቃለች

በገጠር ወንድ ቡችላ ዓይኑ ሳይገለጥ ይታጫል፤ ሴቷ ግን «ትወልዳለች» ተብላ ጡት ሳትጠግብ መንገድ ዳር ትጣላለች። አንስቶ ለበግ ጠባቂነት ሊያበቃት ያሰበ ሰው፣ ለሌላ ገበሬ ከመስጠቱ በፊት ጥቂት ሳምንታት እቤቱ ቢያቆያት ይበጃል።

የተራበችን ቡችላ ባንዴ ማጥገብ ጉዳት አለው፤ ጥቂት ጥቂቱን በቀን ደጋግሞ ማብላት ነው። የጎን አጥንቷ እየታየ ሆዷ ከተነፋ የሆድ ትላትል መድኃኒት ሳያሻት አይቀርም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት 3 ወር ሲሞላት ትከተባለች። በሽታው ምልክት ሳያሳይ ለወራት ሊደበቅ ስለሚችል እስከዚያው ከልጆች ትለይ። ከነከሰች ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው፤ የባህል መድኃኒት እየሞከሩ መዘግየት ሕይወት ያስከፍላል።

ተረካቢው ገበሬም የታረደ በግ ጥሬ ጉበትና ሳንባ እንዳይጥልላት አደራ ይባል፤ ውኃ የቋጠረው እብጠት ውስጥ በውሻ በኩል ወደ ሰው የሚተላለፍ ትል አለ።