የተደመሰሰው መልእክት ይመሰክር ይሆን?



እንበልና አንድ የገርጂ ወጣት ለንግድ ሸሪኩ ሰማንያ ሺህ ብር አበደረ። ውላቸው በስልክ የተላከ «በሁለት ወር እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ብቻ ነው። ቀኑ ሲደርስ ሸሪኩ «የምን ብር?» አለ። ወጣቱ ስልኩን ቢከፍት መልእክቱ ተደምስሷል። ደንግጦ ቦሌ ወዳሉት የሞባይል ጥገና ሱቆች ሊሮጥ ተነሣ። እኛ ግን «ቆይ ወንድማችን!» እንለዋለን።

ከስልክ የተደመሰሰ ነገር ሁልጊዜ በዚያው ቅጽበት አይጠፋም። ስልኩ ቦታውን ባዶ ብሎ ይመዘግበዋል፤ አዲስ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ሲገባ ግን በላዩ ይጻፍበታል። የዛሬ ስልኮች ደግሞ መረጃን በምስጢር ቁልፍ ስለሚቆልፉ አንዴ የጠፋውን ባለሙያም ላይመልሰው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ስልኩን ከኢንተርኔት ማላቀቅና መነካካት ማቆም ነው።

ሁለተኛው፣ ቅጂውን ሌላ ቦታ መፈለግ ነው። ዋትስአፕ በአንድሮይድ ስልክ ላይ የቅርብ ቀናት ቅጂዎችን ያስቀምጣል። ገንዘቡ በባንክ ወይም በቴሌብር ከተላለፈም ስልኩ ቢጠፋ እንኳ መዝገቡ እዚያው አለ።

ሦስተኛው ጥንቃቄ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የኤሌክትሮኒክ ማስረጃን ይቀበላል፤ ነገር ግን ትክክለኛነቱን የማስረዳት ሸክሙ የአቅራቢው ነው። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ከዞረ «ማን ነካው? ማን ጨመረበት?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ስለዚህ ከጥገና ሱቅ በፊት ጠበቃ፣ ጉዳዩ ወንጀል ከሆነም ፖሊስ ይቅደም። የሸሪክን ወይም የትዳር ጓደኛን ስልክ ያለ ፈቃድ ሰብሮ መግባት ግን ራሱ በዚሁ አዋጅ ያስጠይቃል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። በምስክር ብቻ ማስረዳት አይቻልም ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ ጽሑፉ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ ደንግጓል። የወጣቱ መልእክት ትልቅ ነገር የሚሆነው ለዚህ ነው።

ይሁንና ከሁሉ የሚሻለው የጠፋውን ከመፈለግ በፊት እንዳይጠፋ ማድረግ ነው። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ብድርን ጻፉ፣ ሁለት ምስክርም አቁሙ ሲል አዝዞናል። ስለዚህ ወገኖቻችን፣ ለወንድማችሁም ቢሆን ስታበድሩ አንድ ወረቀት ጻፉ፤ ፊርማና ምስክር ይኑረው። ይህን ማድረግ አለመተማመን አይደለም፤ ወንድማማችነትን ከክርክር መጠበቅ ነው።

ወላሁ አዕለም።