ቅሬታ ያልቀረበበት በደል

ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ቢቸና የመጀመሪያ ደረጃ፣ ሞጣ ደግሞ አጠቃላይ ሆስፒታል አላቸው። በአገሪቱ የጤና መዋቅር መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሰው እንዲያገለግል ይታሰባል። በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ድረስ ወጥታ፣ አምቡላንስ ጠብቃ ለምትደርስ ወላድ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። በአዲስ አበባ የተከፋ ታካሚ፣ ኪሱ ከፈቀደለት፣ ወደ ግል ክሊኒክ ይሄዳል። የቢቸና ገበሬ ግን ትናንት ያመናጨቀውን ባለሙያ ነገም ደጅ መጥናቱ አይቀርም። የባለሙያው ምግባር እዚህ አካባቢ ይበልጥ የሚከብደው ለዚህ ነው።

ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ባካሄደው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበር። ሕጉም ዝም አላለም፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የታካሚን ምስጢር የሚያወጣ ሐኪምን ያስቀጣል። ሕግ የሚደርሰው ግን ትልቁ ጥፋት ላይ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ላይ መጮህ፣ መጋረጃ ሳይስቡ መመርመር፣ ምን እንደሚደረግላት ሳይነግሩ መርፌ መውጋት ፍርድ ቤት አይደርሱም።

የቅሬታ መዝገብም አይደርሱም። በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታልና በጤና ጣቢያዎች የወለዱ 173 እናቶች ተጠይቀው ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከእነሱ 78 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ዓይነት ክብር የሚነካ አያያዝ ደርሶባቸዋል። ሆኖም ከነዚሁ መካከል «በደል ደርሶብኛል» ያሉት 16 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። በሆስፒታሉ የወለዱት ደግሞ አንዳቸውም ሳይቀሩ መረጃ የማግኘት፣ ፈቃዳቸውን የመጠየቅና የአወላለድ ሁኔታቸውን የመምረጥ መብታቸው አልተጠበቀላቸውም። የአወላለድ ሁኔታን መምረጥ አለመቻል ለገጠር ሴት ቀላል ነገር አይደለም። እቤቷ ተንበርክካ፣ ጎረቤቶቿ ወገቧን ደግፈዋት መውለድ የለመደች እናት፣ ማንም ሳያማክራት በጀርባዋ እንድትተኛ ትታዘዛለች።

ዝምታው ለምን? «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ተብላ ልጇን ታቅፋ የወጣች እናት ቁጣውን እንደ ምጡ ሕመም ትቆጥረዋለች። ልጁ ደኅና ከሆነ ሌላው ይረሳል። ስለዚህ «ቅሬታ አልቀረበም» የሚል ሪፖርት የመልካም ምግባር ማስረጃ አድርጎ መቀበል ትልቅ ስህተት ይመስለኛል።

የባለሙያውንም ሸክም ማየት ይገባል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸው እንዲሻሻል ጠይቀው ሥራ እስከማቆም ደርሰዋል፤ የታሰሩም አሉ። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ጦርነት አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2016 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የመንግሥት ኃይሎች «ፋኖን አክማችኋል» በሚል በክልሉ ባለሙያዎችን እንደደበደቡና እንዳሰሩ ዘግቧል። በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣው የሐኪሞች የጄኔቫ ቃለ መሐላ ሐኪም በታካሚዎቹ መካከል በፖለቲካ እንዳይለይ ያስምለዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል ደግሞ ሐኪሙ ለራሱም ጤና እንዲጠነቀቅ ተጨምሮበታል። ቁስለኛን ሁሉ እኩል ያከመ ሰው ለዚያው ሲቀጣ እያዩ ከባልደረቦቹ ርኅራኄን ብቻ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ያም ሆኖ መጋረጃ መሳብ በጀት አይጠይቅም። «አሁን ልመረምርሽ ነው፣ ትንሽ ያምሻል» ማለትም እንዲሁ። በአንዳንድ የጤና ተቋማት ለወላዶች ገንፎ የሚያገነፉና ቡና የሚያፈሉ ባለሙያዎች መኖራቸው አቀባበልን ማለዘብ እንደሚቻል ያሳያል፤ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ግን ገንፎው አይገባም።

በደሉን ለመስማት የሚቀመጠው የሐሳብ መስጫ ሣጥን ፊደል ለቆጠረ ነው። ለቢቸናና ለሞጣ ዙሪያ ቀበሌዎች የሚሻለው፣ ከሆስፒታሉ ሠራተኞች ውጪ የሆነች ሴት አራሷን እቤቷ ሄዳ እንድትጠይቃት ነው። «አገልግሎቱ እንዴት ነበር?» ብትላት «ተመስገን» ከማለት አታልፍም። ጥያቄው ቁርጥ ያለ ይሁን፦ መጋረጃ ተሳበልሽ? ስምሽን ጠርተው አናገሩሽ? ከመውጋታቸው በፊት ነገሩሽ? የጮኸብሽ ወይም የመታሽ ሰው አለ?