በአንገት አጥንት ስለሚገባ ነቀርሳ



አንገት የራስ ምሰሶ ነው። ሰባት አጥንቶች ተደራርበው ራስን ይሸከማሉ፤ በመካከላቸውም ከአንጎል ወርዶ እጅንና እግርን የሚያዝዘው ኅብለ ሰረሰር ያልፋል። ስለዚህ የዚህ ስፍራ ሕመም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ እንስራና እንጨት ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው አንገቱን ሲያመው፥ የሸክም ነው ይባላል። አብዛኛውን ጊዜም እንዲሁ ነው፤ በጥቂት ቀን ዕረፍት ይለቃል። ነገር ግን አልፎ አልፎ የሚገኝ ሌላ ሕመም አለ፤ ይኸውም የሳንባ ነቀርሳ ተሐዋሲ በደም ተጉዞ የአንገትን አጥንት ሲበላ ነው። ይህን ተሐዋሲ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ገለጠው፤ ሕመሙ በአከርካሪ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ግን እንግሊዛዊው ፐርሲቫል ፖት አስቀድሞ በ1779 ጽፎት ነበር።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ሕመሙ ለሳምንታት እየቆየ ይብሳል፤ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል፤ ትኩሳትና ላብ ይመጣል፤ ሰውነት ይከሳል። ሳል ግን ላይኖር ይችላል። በሽተኛው ከመኝታው ሲነሣ ራሱን በሁለት እጁ ደግፎ ቢነሣ፥ ሕፃንም አንገቱን አጣሞ መዋጥ ቢያቅተው፥ እጅና እግርም ቢዝል፥ አንድ ቀን እንኳ ማዘግየት አይገባም።

በዚህ ጊዜ ታላቁ ስሕተት አንገቱን ማሳሸትና ማስጠምዘዝ ነው። ወጌሻው በቅን ልብ ቢሠራም፥ የተበላው አጥንት ተንሸራቶ ኅብለ ሰረሰሩን ቢጫን በሽተኛው ሽባ ይሆናል፤ ሊሞትም ይችላል። ይልቁንም በጀርባው አስተኝቶ፥ ራሱ እንዳይናወጥ ግራና ቀኙን በተጠቀለለ ጋቢ ደግፎ ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል።

ሐኪሙ በራጅ ይመለከታል። ራጅ በመጀመሪያው ጊዜ ጉዳቱን ላያሳይ ስለሚችል፥ ሕመሙ ካልተወ ከደብረ ታቦር አልፎ በጎንደር ወይም በባሕር ዳር ታላላቅ ሐኪም ቤቶች የበለጠ ምርመራ መጠየቅ ነው። ከቁስሉም በመርፌ መግል ተወስዶ ይመረመራል።

ሲታወቅም አንገቱ በደጋፊ ታስሮ ያርፋል። በመጀመሪያው 2 ወር አራት ዓይነት፥ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይዋጣል፤ ጠቅላላው ከ9 እስከ 12 ወር ይፈጃል። በመንግሥት ጤና ጣቢያም ያለ ዋጋ ይሰጣል። ሽንት ቢቀላ የመድኃኒቱ ቀለም ነውና አያስደንግጥ፤ ዓይን ቢጫ ቢሆን ግን ፈጥኖ ለሐኪም መንገር ነው። ኅብለ ሰረሰሩ ከተጫነ ወይም አጥንቱ ካልጸና ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

ሕመሙ ሲቀል «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው፥ ተሐዋሲው መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርጋል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እንዲሉ፥ የቤት ጌታና እመቤት ከቤታቸው ሰው አንገቱን ደግፎ የሚነሣ ቢያዩ ዝም አይበሉ።