ያውቁ ኖሯል? ቆሎው ነው ወይስ ውሃው?

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ በጠዋት የወጣ ሰው አባ ኮዳ የተባለው ወፍ የዓሣ ጭንቅላት ሳያላምጥ ሲውጥ ያያል። የእኛ የምግብ ቧንቧ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ጉርሻውን የሚያወርደው ጡንቻው ስለሆነ ተዘቅዝቀው ቢውጡም ይወርዳል። (አይሞክሩት!)

መዋጥ ሲቸግር ሐኪም ከመሣሪያ ምርመራ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፦ መጀመሪያ እንቢ ያለው ምንድን ነው? ችግሩ ከቆሎና ከሥጋ ጀምሮ፣ ውሎ አድሮ አጥሚትም ካስቸገረ ቧንቧው ጠቧል ተብሎ ይጠረጠራል። ካንሰርም ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ይህ ካንሰር በብዛት ከሚታይባቸው ከአርሲና ከባሌ ለመጣ ሰው ቧንቧውን ከውስጥ በካሜራ የሚያየው ምርመራ (ኢንዶስኮፒ) ለነገ አይባልም። ውሃውም እህሉም ከመነሻው እኩል ካስቸገሩ ግን ጥርጣሬው ወደ ጡንቻው ይዞራል። አካላዥያ በተባለው ሕመም የቧንቧው የታችኛው በር አልከፈት ይላል፤ ባሪየም ጠጥተው ራጅ ሲነሱ ቧንቧው ከላይ ሰፍቶ ከታች ይሾላል። ሐኪሞች «የወፍ ምንቃር» ይሉታል፤ አባ ኮዳን ያየ ስሙን አይረሳም። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1674 የጻፈለት በሽተኛማ ጫፉ ላይ ስፖንጅ በታሰረበት የዓሣ ነባሪ አጥንት ምግቡን ወደ ታች ይገፋ ነበር።

ቃርስ? ኢንዶስኮፒው ንጹሕ ሆኖም ቃር ሊኖር ይችላል። ያኔ በአፍንጫ የሚገባ ቀጭን ሽቦ ለ24 ሰዓት ከጨጓራ ወደ ቧንቧው የሚመለሰውን አሲድ ይለካል፤ የሚቆጠረው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ4 በታች የወረደበት ጊዜ ነው።