ጡት በሙሉ ቢወጣ ዕድሜ ይረዝማል?

ጡቷ ላይ ካንሰር የተገኘባት ሴት ከዘመድም ከጎረቤትም የምትሰማው ምክር ተመሳሳይ ነው፤ «ከነሥሩ ይውጣልሽ፣ አለዚያ ይመለሳል»። ምክሩ ከፍቅር የሚመነጭ ነው፤ ለሰሚውም እውነት ይመስላል። ሥሩ ያልተነቀለ አረም ተመልሶ እንደሚበቅል ማን ያጣዋል? ሐኪሞችም ለብዙ ዘመን ያመኑት ይህንኑ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዊልያም ሃልስትድ ጡትን ከደረት ጡንቻና ከብብት ንፍፊቶች ጋር አንድ ላይ ማውጣትን አስተማረ። ከዚያ ወዲህ ለአሥርት ዓመታት ብዙ ሴቶች ደረታቸው ጎድጉዶ፣ ክንዳቸው አብጦ ኖረዋል። በጊዜ የተገኘ ካንሰርን በተመለከተ ግን ይህ እምነት ተፈትኖ ወድቋል።

ፈተናው የተካሄደው በግምት ሳይሆን በዕጣ ነው። ሚላን ውስጥ ቀዶ ሐኪሙ ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1980 እብጠታቸው ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ 701 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። የአንዱ ወገን ጡት በሃልስትድ መንገድ ወጣ፤ ለሌላው እብጠቱ ያለበት የጡት ክፍል ብቻ ተቆርጦ ጨረር ተሰጠ። ከ20 ዓመት ክትትል በኋላ ውጤቱ በ2002 ሲታተም፣ በሁለቱም ወገን በማንኛውም ምክንያት የሞቱት ከ100ው 41 ወይም 42 ያህል ነበሩ። በዚያው ዓመት ቀዶ ሐኪሙ በርናርድ ፊሸር ከ1,800 በላይ ሴቶችን ይዞ አሜሪካ ውስጥ ያካሄደው ጥናትም ጡት በሙሉ መውጣቱ ዕድሜ እንደማይጨምር አረጋገጠ። ምክንያቱ ከካንሰሩ ጠባይ ይመጣል። የሚገድለው ጡት ውስጥ ያለው እብጠት ሳይሆን በደም ተጉዞ አጥንት፣ ሳንባ ወይም ጉበት ላይ የሚያርፈው ሕዋስ ነው። አረሙ ዘሩን አስቀድሞ በትኖ ከሆነ ማሳውን በሙሉ መገልበጥ የተበተነውን አይሰበስብም፤ ያንን የሚያሳድደው መድኃኒት ነው።

«ታዲያ እዚያው ጡት ላይ አይመለስም?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ይመለሳል፤ በሚላኑ ጥናት ጡታቸው ከተረፈላቸው ከ100ው ወደ 9፣ ከወጣባቸው ደግሞ ወደ 2 ሴቶች ላይ እዚያው ተመልሷል። ሆኖም ተመልሶ የሚገኘው በአብዛኛው እንደገና ይታከማልና የሟቾቹ ቁጥር አልተለያየም። ጨረሩ ሲቀር ግን ነገሩ ይለወጣል። በፊሸር ጥናት እብጠቱ ብቻ ወጥቶ ጨረር ካላገኙት ከ100ው 39 ላይ፣ ካገኙት 14 ላይ ተመልሷል። ስለዚህ ጡትን ማትረፍ ማለት ቀዶ ሕክምናውና ጨረሩ አንድ ላይ ማለት ነው።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ከዚሁ ይነሣል፤ ጨረሩ የት ይገኛል? በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት የነበረው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነው። ኋላ ጅማን በመሳሰሉ ከተሞች ቢጀመርም ተራው ረጅም፣ መንገዱም ሩቅ ነው። ጨረር በጊዜው ልታገኝ ለማትችል ሴት ጡቱ ቢወጣ ውሳኔው ትክክል ነው፤ አላዋቂነት ብለን ልንወቅሳት አይገባም። ካንሰሩ በተለያዩ የጡት ክፍሎች ከታየ፣ ደረቷ ቀድሞ ጨረር ከወሰደ ወይም እብጠቱ ከጡቷ አንጻር ትልቅ ከሆነም እንዲሁ ሊመከር ይችላል፤ በእርግጥ ትልቁን እብጠት ከቀዶ ሕክምና በፊት በመድኃኒት ማሳነስ የሚቻልበት ጊዜ አለ። ጡት መውጣቱም ሁልጊዜ ከጨረር አያድንም፤ ካንሰሩ ብዙ የብብት ንፍፊቶችን ከነካ ጨረሩ ከዚያም በኋላ ይታዘዛል።

የተሳሳተው እምነት ጉዳቱ ጡት በማሳጣት አያበቃም። ሆስፒታል መሄድ ጡትን ማጣት ነው ብላ የምትፈራ ሴት እብጠቱን ደብቃ ወራት ታሳልፋለች፤ ምርጫ የሚኖረው ግን በጊዜ ለመጣች ነው። እህቴ ሆይ፣ እብጠት ካገኘሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ታዪ፤ ለቀዶ ሕክምናው ከመፈረምሽ በፊትም ሐኪምሽን «ጡቴ ሊተርፍ ይችላል ወይ? ጨረሩንስ መቼና የት አገኛለሁ?» ብለሽ ጠይቂ።