ቃልና ባለቤቱ

በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ፥ ዲቁና በተማርንባት በአንዲት የመንዝ ደብር፥ አንዲት አረጋዊት እናት ለልጃቸው ጸሎተ ፍትሐት ለማስደረግ ወደ ካህኑ ቀረቡ። ካህኑም «እናቴ፥ ልጅዎ በምን ሞተ?» ብለው ቢጠይቋቸው፥ «አባቴ፥ በሰባ ዓመተ ምሕረት እርምጃ ተወሰደበት» ሲሉ መለሱ።

እኚያ እናት ፊደል ያልቈጠሩ ነበሩ፤ ይህን አነጋገር የሰሙት ከራዲዮና ከስብሰባ ነው። ለልጃቸው ሞት የተፈቀደላቸው ቃል እርሱ ብቻ ስለ ነበረ፥ ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይህንኑ ሲደግሙ ኖሩ።

«እርምጃ» በራሱ ንጹሕ ቃል ነው፤ ድክ ድክ የሚል ሕፃንም ይራመዳል። ነገር ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፥ በቀይ ሽብር ወራት፥ «አብዮታዊ እርምጃ» ተብሎ የመግደል ስም ሆነ። በትምህርት ቤት እንደምናስተምረው፥ ዓረፍተ ነገር ባለቤት፥ ተሳቢና ማሰሪያ አንቀጽ አለው። «ገደለ» ብንል ግሡ ራሱ «ማን? ማንን?» እያለ ይጠይቀናል። «እርምጃ ተወሰደበት» ስንል ግን ገዳዩ ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቶ ይሄዳል፤ በባለቤቱ ስፍራ «እርምጃ» ይቀመጣል፤ ሟቹም በግሡ ጫፍ «በት» ሆኖ ይንጠለጠላል።

የዚያ ዘመን ቃላት ብዙዎቹ የተበጁት በቅዳሴ ከምናውቀው ከግዕዝ ነው። «ደርግ» ማለት ኮሚቴ ነው፤ «አብዮት» «አበየ»፥ ማለት እምቢ አለ ከሚለው ግሥ፥ «አድኃሪም» «ድኅረ»፥ ማለት በኋላ ከሚለው ቃል ወጡ። አዲስ አሳብ አዲስ ቃል ይሻልና በዚህ ነቀፌታ የለንም። በደሉ የጀመረው «አድኃሪ» የክርክር ቃል መሆኑ ቀርቶ ያለ ዳኛ የሚነገር ፍርድ በሆነ ጊዜ ነው። «ያለ ምንም ደም» የሚለው መፈክር ገና ከአፍ ሳይወርድ፥ ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳ ያህል ሰዎችን፥ የሚበዙት የቀድሞው መንግሥት ሹማምንትና የጦር መኰንኖች የነበሩትን፥ ፍርድ ቤት ሳያቀርብ ገደለ።

«ባላባት» የሚለውም ቃል በአገራችን በመንዝ ባለ አባት፥ የርስቱን ሐረግ ቈጥሮ የሚያስረዳ ማለት ነበረ፤ አንድ ጥማድ በሬ ያለው ገበሬ እንኳ በአባቱም በእናቱም ወገን ርስት ይጠይቅ ነበርና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በደቡብ ለነበረው ጭሰኛ እውነተኛ አርነት ነበረ። ዳሩ ግን «ባላባት» ከ«ፊውዳል» ጋራ ተዳብሎ የስድብ ስም ቢሆን፥ ድኻው ርስተኛ ክብሩ የነበረውን ቃል በአደባባይ ለመናገር ፈራ።

ይህ ልማድ ከደርግ ጋራ አልቀረም። በ2013 ዓ.ም. ተጀምሮ ሁለት ዓመት የፈጀው ጦርነት በመጀመሪያ የተነገረን «ሕግ የማስከበር ዘመቻ» ተብሎ ነው። ከወለጋ ተሰድደው ወደ ደብረ ብርሃን የመጡትንም ወገኖች «ተፈናቃይ» ስንል፥ ማን እንዳፈናቀላቸው በቃሉ ውስጥ አይገኝም።

ምናልባት አንባቢ «ቅኔስ ይሰውር የለምን?» ይል ይሆናል። በእርግጥ ይሰውራል። ነገር ግን ባለቅኔ ወርቁን በሰም የሚሸፍነው ሰሚው መርምሮ እንዲያገኘው ነው፤ ያኛው ቃል ግን የሚሸፍነው ሰሚው እንዳይመረምር ነው።

ስለዚህ በየቤታችን ዜና በተሰማ ጊዜ ልጆቻችን «ማን? ማንን? ምን አደረገ?» ብለው እንዲጠይቁ እናስለምዳቸው። እኛም ስለ ጎረቤታችን ስንናገር በዚሁ እንመዘን፤ የጠላነውን ወገን ሁሉ በአንድ የስድብ ስም መጥራት ለሚገድለው ሰው ቃል ማዘጋጀት ነውና።

ካህኑ የእኚያን እናት መልስ ከሰሙ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው፥ «ሰው ገደለው ይበሉ፥ እናቴ፤ የክርስትና ስሙንም ይንገሩኝ» አሏቸው። እናቲቱም ስሙን ጠሩ። ከዚያም «ልጄን ገደሉት!» ብለው፥ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያልወጣላቸውን ልቅሶ አለቀሱ። ካህኑም በስሙ ጸለዩለት።