ለቤተሰብ መኪና አዲስ ወይስ ያገለገለ? ከመግዛት በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ጉዳዮች

ባሕር ዳር፦ አርሶ አደር የእርሻ በሬ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ የሻጩን ቃል ብቻ ሰምቶ ገንዘብ አይቆጥርም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ጫንቃውን ይዳስሳል፤ ጥቂት አስኪዶ አረማመዱን ይመለከታል። ከጎረቤቶቹም መካከል በሬ የሚያውቅ ሰው አስከትሎ ይሄዳል። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚለው ብሂል በገበያ ቦታ ትርጉሙ ግልጽ ነው።

ይሁንና ይኸው ጠንቃቃ ቤተሰብ ለዓመታት ያጠራቀመውን ጥሪት ለመኪና ሲያውል፣ በቀለሙ ማማርና በደላላው አንደበት ተማርኮ በአንድ ቀን የሚወስንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የበሬ ግዢ ቢከሽፍ የአንድ ዓመት እርሻ ይጎዳል፤ የመኪና ግዢ ቢከሽፍ ግን የአንድ ቤተሰብ የዘመን ልፋት ሊባክን ይችላል። በመሆኑም አውቶሞቢል ለመግዛት ያሰቡ የከተማና የገጠር ነዋሪዎች ከውሳኔ በፊት ሊያጤኗቸው የሚገቡ ነጥቦችን በዚህ ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ጥያቄው እንዴት ተለወጠ?

ቀደም ሲል “አዲስ ልግዛ ወይስ ያገለገለ?” የሚለው ጥያቄ በዋናነት የአቅም ጥያቄ ነበር። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ግን የሞተር መጠናቸው ከፍ ባለና ዕድሜያቸው በገፋ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። የሞተር መጠናቸው እስከ 1 ሺህ 300 ሲሲ የሆኑ አነስተኛ አውቶሞቢሎች በብዙዎች ዘንድ ተመራጭ የሆኑበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በ2014 ዓ.ም መንግሥት ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የታክስ ማበረታቻ ፈቀደ። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ.ር) የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንደማይገቡ አስታወቁ። ከዚህ በኋላ ጥያቄው መልኩን ለወጠ። “አዲስ” ሲባል በአብዛኛው የኤሌክትሪክ መኪና፣ “ያገለገለ” ሲባል ደግሞ በአብዛኛው ቀድሞ የገባ የነዳጅ መኪና ማለት ሆኗል። ስለዚህ ገዢው የሚመርጠው የመኪናውን ዕድሜ ብቻ ሳይሆን የኃይል ምንጩንም ጭምር ነው።

አስቀድሞ መንገድንና ቤተሰብን መለካት

መኪና ከማየት በፊት መኪናው የሚሠራውን ሥራ በወረቀት ላይ ማስፈር ይገባል። ለአብነት በደብረ ማርቆስ ከተማ የሚኖሩ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር አሉ እንበል። በሥራ ቀናት በከተማው ውስጥ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይመላለሳሉ። በወር ሁለት ጊዜ በጠጠር መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ርቀው የሚኖሩ ወላጆቻቸውን ይጠይቃሉ። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው አዲስ አበባ ይሄዳሉ። የዚህ ቤተሰብ የተለመደ የወር ጉዞ 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው።

ይህ ቤተሰብ አነስተኛ መኪና ይበቃዋል? በዋጋው ቀለል የሚለውና በከተሞች እየታየ ያለው ቢዋይዲ ሲጋል ለቻይና ገበያ የተሠራው ለአራት ሰው ነው። አምስተኛው የቤተሰብ አባል የሚቀመጥበት ሕጋዊ ወንበር የለውም ማለት ነው። ቶዮታ ኮሮላን የመሰለ 4 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው መካከለኛ ሴዳን አምስት ሰው ይይዛል። እንደ ቶዮታ ካምሪና ቢዋይዲ ሃን ያሉት ትልልቆቹ ሴዳኖች ደግሞ ወደ 5 ሜትር ይጠጋሉ፤ የኋላ ወንበራቸውና የዕቃ መጫኛቸው ሰፊ በመሆኑ ረጅም መንገድ ላይ ቤተሰብን አያጨናንቁም።

ሆኖም ሴዳን ለጠጠር መንገድ ታስቦ የተሠራ አይደለም። ሆዱ ከመሬት ያለው ከፍታ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ስንዝር አይዘልም፤ ሰው ሲጫንበት ደግሞ ይበልጥ ዝቅ ይላል። መኪናው በረዘመ ቁጥርም ጉብታ ላይ ሆዱ የመላጥ ዕድሉ ይጨምራል። የጭነት አቅሙም ውስን ነው። አብዛኞቹ ሴዳኖች ሰውና ዕቃ ተደምሮ የሚችሉት ከ400 እስከ 500 ኪሎ ግራም ነው። አምስት አዋቂዎች 350 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናሉ፤ ወላጆች አንድ ኩንታል ጤፍ ከጨመሩበት ሚዛኑ ሞላ ማለት ነው። ስለዚህ ከግዢ በፊት ወደ ገጠር የሚወስደውን መንገድ በክረምት ጭምር ማሰብ፣ ከተቻለም ሊገዛ የታሰበውን ዓይነት መኪና ሰው ጭኖ በዚያ መንገድ መሞከር ይመከራል።

አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና

የኤሌክትሪክ መኪና ለደጋ ነዋሪ የተለየ ጥቅም አለው። የነዳጅ ሞተር የሚሠራው አየር ስቦ በመሆኑ፣ ከፍታው በጨመረና አየሩ በሳሳ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ማርቆስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማያስፈልገው ይህ አይነካውም። የዓባይን በረሃ ሲወጣ ባትሪውን በብዛት ይበላል፤ ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ኃይል ስለሚያመነጭ ከወጪው ከፊሉን ይመልሳል፣ ፍሬኑንም ከመጋል ያድናል።

ትልቁ ጥያቄ ባትሪው የት ይሞላል የሚለው ነው። 220 ቮልት ካለው ተራ ሶኬት 10 አምፔር የሚስብ ቻርጀር በሰዓት 2 ነጥብ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል። በአሥር ሰዓት የሌሊት ሙሊት፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ወደ ባትሪው ይገባል። መካከለኛ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል ብንል ይህ ለ130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃል። ከላይ የጠቀስነው ቤተሰብ የከተማ ጉዞውንም ሆነ የወላጆቹን ደርሶ መልስ በዚህ ይሸፍናል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው መብራት ካለና የራስ ግቢ ካለ ነው። በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው አስቀድሞ ከአከራዩ ጋር መስማማት አለበት። የቤቱ የኤሌክትሪክ መስመርና ሶኬት ለረጅም ሰዓት ጭነት የሚበቃ መሆኑንም ባለሙያ ሊያየው ይገባል፤ የሳሳ ሽቦ ሌሊቱን ሙሉ ሲግል እሳት ሊያስነሳ ይችላል። መብራት በተደጋጋሚ በሚቋረጥበት ሰፈር ደግሞ ባትሪውን ሳይጎድል አስቀድሞ መሙላት ልማድ መሆን አለበት።

ሻጮች የሚጠቅሱት የጉዞ ርቀት የሙከራ ቁጥር መሆኑንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። ለቻይና ገበያ የሚሰጠው ቁጥር ዳገትና ጭነት ባለበት በእኛ መንገድ እንዳለ አይገኝም። የባትሪ መሙያው አፍም ይለያያል፤ ለቻይና ገበያ የተሠራው መኪና ለአውሮፓ ከተሠራው ጋር አንድ ዓይነት አፍ የለውም። በሚኖሩበት ከተማና በሚጓዙበት መስመር ያሉት ፈጣን መሙያዎች ከመኪናው ጋር የሚገጥሙ መሆናቸውን በአካል ሄዶ ማረጋገጥ ብልህነት ነው።

ባትሪው ከመኪናው ወለል ሥር በመሆኑ በድንጋይ ቢመታ ጥገናው ቀላል አይሆንም። ብዙ አምራቾች ለባትሪ 8 ዓመት አካባቢ ዋስትና ይሰጣሉ። ጥያቄው ያ ዋስትና እዚህ ሀገር ማን ዘንድ ይጠየቃል የሚለው ነው። ሻጩ መልሱን በጽሑፍ ካልሰጠ ዋስትና እንደሌለ ቆጥሮ መወሰን ይሻላል።

ያገለገለ የነዳጅ መኪና

ያገለገለው የነዳጅ መኪና ትልቁ ብርታቱ የታወቀ መሆኑ ነው። ኮሮላና ያሪስን የመሳሰሉትን የሚጠግን መካኒክ በየወረዳው ከተማ አይጠፋም፤ መለዋወጫቸውም ይገኛል። መብራት ቢጠፋ መንገድ ላይ አያስቀርም፤ በነዳጅ እጥረት ወቅት ግን ባለቤቱን ማደያ ደጃፍ ላይ ያሰልፋል። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ሀገር ውስጥ መግባቱ በመገደቡም “አሮጌ ነውና ርካሽ ይሆናል” ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

እዚህ ላይ ነው እንደ በሬው ሁሉ ጥርስ ማየት የሚያስፈልገው።

መኪናውን በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ቀድሞ መድረስ መልካም ነው። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀ የተደበቀው ችግር ላይታይ ይችላል። ሲነሳ ጭሱን ይመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚያቃጥል፣ ጥቁር ጭስ ነዳጅ በትክክል እንደማይቃጠል ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቋረጥ ወፍራም ነጭ ጭስ ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ መሆኑን ይጠቁማል። የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ከታየ ዘይትና ውኃ ተቀላቅሏልና የቴስታታው ጋስኬት ይጠርጠር።

የተጓዘውን ኪሎ ሜትር የሚያሳየው ቆጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል ብቻውን አይታመንም። ቆጣሪው ጥቂት ኪሎ ሜትር እያሳየ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ካለቀ፣ መሪው ከተላጠና የሾፌሩ ወንበር ከጎደጎደ አንዱ እየዋሸ ነው። ጎማው ላይ ከተጻፉት ምልክቶች መካከል የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። “2319” ማለት በአውሮፓውያኑ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው።

የተጋጨ መኪና በቀለም ሊሸፈን ይችላል። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ የብረት አካሉን መዳሰስ ቀላል ዘዴ ነው፤ ስቱኮ በወፈረበት ቦታ ማግኔቱ አይዝም። የኮፈኑና የበሮቹ ክፍተት ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን፣ ሻንሲው ላይ የብየዳ ምልክት አለመኖሩንም ማየት ይገባል።

ስለ ቪትዝ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ቶዮታ “ቪትዝ” በሚል ስም የሸጠው መሪው በቀኝ በኩል ለሆነው ለጃፓን ገበያ ነው። ስለዚህ መሪው በግራ የሆነ ቪትዝ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ መሪው የተዛወረለት ነው። ይህ ብቻውን አትግዙ አያሰኝም፤ ነገር ግን የመሪው አገጣጠም፣ የፍሬኑ መስመርና የዳሽቦርዱ ሥራ በታመነ መካኒክ ይታይ።

በመጨረሻም የራስን መካኒክ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ሻጩ ወይም ደላላው የጠራው መካኒክ የማንን ጥቅም እንደሚጠብቅ አይታወቅም። ለምርመራ የሚከፈለው ገንዘብ ከጠቅላላው ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው።

ስሙ ያልዞረ መኪና የእርስዎ አይደለም

መኪናው እንከን ባይኖረው እንኳ ሰነዱ ችግር ካለበት ገዢው ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። መኪናው በባንክ ብድር መያዣነት ወይም በፍርድ ቤት እገዳ አለመያዙን ፋይሉ በሚገኝበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ማጣራት ግድ ይላል። የቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ጊዜውም ይታይ። መኪናው የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ የሁለቱም ስምምነት መኖሩ ይረጋገጥ።

የስም ማዛወሪያ ወጪን ለመሸሽ በውክልና ብቻ መግዛት በስፋት የሚታይ አደገኛ ልማድ ነው። ወካዩ ውክልናውን ሊሽር ይችላል፤ ቢሞትም ውክልናው በመርሕ ደረጃ ይቋረጣል። ያኔ ገዢው ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ሊቆም ነው። ሙሉ ክፍያ ከስም ዝውውር በፊት አለመፈጸም፣ የዝውውር ወጪውን ማን እንደሚሸፍንም በውሉ ላይ ማስፈር ከዚህ ጣጣ ያድናል።

ሒሳቡን በራስ እጅ መሥራት

ወደ ምሳሌያችን ቤተሰብ እንመለስ። በወር 500 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚፈጅ የነዳጅ መኪና 40 ሊትር ቤንዚን ይፈልጋል። የኤሌክትሪኩ የሚባክነው ተጨምሮ 85 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ሁለቱን በዕለቱ ዋጋ ማባዛት፣ ልዩነቱን በ12 ወር ማብዛት፣ ከዚያም በሁለቱ መኪኖች የመሸጫ ዋጋ መካከል ካለው ልዩነት ጋር ማነጻጸር ነው። የኤሌክትሪኩ ቁጠባ የዋጋ ልዩነቱን በስንት ዓመት እንደሚመልስ ከዚህ ይታወቃል። መድን፣ ጎማና ጥገናም በሒሳቡ ይግቡ።

በጥቅሉ የራሱ ግቢና አስተማማኝ መብራት ያለው፣ ውሎው በከተማና በአስፋልት የሆነ ቤተሰብ ወደ ኤሌክትሪኩ ቢያዘነብል ምክንያት አለው። በኪራይ ቤት የሚኖር፣ ወይም መሙያ ወደሌለበት አካባቢ ደጋግሞ የሚጓዝ ደግሞ በሚገባ የተመረመረ ያገለገለ የነዳጅ መኪና ይሻለዋል። ዋና መንገዱ ጭቃና ጠጠር ለሆነበት ቤተሰብ ግን አዲስም ይሁን ያገለገለ ሴዳኑ ራሱ ላይሆነው ይችላል፤ ገንዘቡን ለሌላ ዓይነት ተሽከርካሪ ወይም ለሌላ ሥራ ማዋሉን ሊያስብበት ይገባል።

“ዛሬ ካልገዛህ ነገ አታገኘውም” የሚል ሻጭ ቢያጋጥም አለመቸኮል ነው። በሬ ገዢ ያልወደደውን ትቶ ወደ ቀጣዩ ገበያ እንደሚሄድ ሁሉ መኪና ገዢም ሰነዱ እስኪጣራና መካኒኩ ቃሉን እስኪሰጥ ድረስ ገንዘቡን በኪሱ ይዞ የመመለስ መብት አለው።